የአባዬ ምንሽር ገቢ ሆኗል፤ ሳጥን ውስጥ የቀረውን ዕቃ ምን ላድርገው?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ በትዕግስት አንብቡልኝ።

አባዬ ያረፈው ባለፈው ጥቅምት ነው። ገበሬ ነበር። ቤታችን ከደሴ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በእግር ዳገት ወጥቶ የሚደረስበት ነው። አባዬ ምንሽር ጠመንጃ ነበረው። መጀመሪያ የአያቴ ነበር። አያቴ በሁለት በሬ ለውጦ እንዳመጣው ሲወራ ሰምተን ነው ያደግነው። አባዬ አስመዝግቦ ወረቀት ይዞበታል። ከመደቡ በላይ ኩላቡ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ሠርግ ሲሆን ይወርዳል፣ ለቅሶ ሲሆን ይወርዳል፣ ከዚያ ተወልውሎ ይሰቀላል። እኛ ልጆቹ መንካት አይፈቀድልንም ነበር።

አባዬ ሲሞት ቤቱ ውስጥ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ትልቁ ወንድሜ ጂዳ ነው፣ ትንሹ አዲስ አበባ ሾፌር ነው፣ እኔ ደሴ ልብስ እሰፋለሁ። ፈቃዱ በአባዬ ስም ነው፤ ከእኛ ውስጥ ፈቃድ ያለው የለም። ብረት ያለበት ቤት ውስጥ ሴት ብቻዋን አትደር ተባባልን። አርባው እንደወጣ ትንሹ ወንድሜ ከቀበሌ ሰው ጋር ይዞት ሄዶ ለፖሊስ አስረከበ። ደረሰኝ ሰጥተውታል። «አንድ ምንሽር ጠመንጃ ከነማንገቻው» ይላል፤ የመሣሪያው ቁጥርም ተጽፏል። አለቀ ብለን ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቤት ለማጽዳት ሄድኩ። የአባዬ ሳጥን አለች፤ ከእንጨት የተሠራች፣ ቁልፏ የጠፋ። ከጋቢው ሥር በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አባዬ ራሱ ከጎኔ የቆመ ነው የመሰለኝ። ውስጡ ያለው ይህ ነው። አንድ እጀታ ያለው ወፍራም ብረት፤ ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚገፋው፣ ተስቦ የሚከፈተው ማለቴ ነው። አንድ ሞላ። አንድ አሮጌ ሰደፍ፣ አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ፣ በጠፍር የታሰረ። አንድ ዝናር። ሰባት ጥይት። ብዙ ባዶ ቀለህ፤ አንዱን አያቴ የኩል መያዣ አድርጋው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናቴ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለሌላ ነገረ። ሰኞ ገበያ ስሄድ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተከተለኝ። ጥይቱንም ሰደፉንም አልፈልግም አለ። ያችን እጀታ ያላትን ብረት ብቻ ነው የፈለገው። 8 ሺህ ብር እሰጥሻለሁ አለኝ። «ሕጉ የሚከለክለው ሙሉ መሣሪያ ነው፤ ይሄ ቁርጥራጭ ብረት ነው፣ ለቁራሌው ብትሸጪው ማን ይከስሻል?» አለ። 8 ሺህ ብር ለእኔ ትንሽ ብር አይደለም። የሱቅ ኪራይ አለብኝ።

ግን ልቤ አልቀበል አለ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እና የምጠይቃችሁ፦ መሣሪያው ከተረከበ በኋላ የቀረ ዕቃ የማን ነው? ማስቀመጥ እችላለሁ? መሸጥስ? ወይስ ወስጄ ገደል ልጣለው? እናቴ ሰደፉን አትንኩብኝ ብላለች። አባዬ ጉንጩን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ልሙጥ ሆኗል፤ እሷ በእጇ ትዳብሰዋለች።

ጠበቃ ከሸዋ በር

እህቴ፣ አላህ ያጽናችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ያልሸጥሽው ደግ አድርገሻል። ሰውዬው የነገረሽ ነገር ትክክል አይደለም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መነሻው አጭር ነው፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ ክልክል ነው። ፈቃድ ደግሞ ለሰው ነው የሚሰጠው። ለቤት አይሰጥም፣ ለሳጥን አይሰጥም። የአባትሽ ፈቃድ ከአባትሽ ጋር አብቅቷል። ስለዚህ «አባቴ ፈቃድ ነበረው» የሚለው ለአንቺ መከላከያ አይሆንም። ከዚህ አዋጅ በፊትም በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 481 አለ፤ የጦር መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መሥራት፣ ማስገባት፣ ማጓጓዝ፣ ማከማቸት፣ መደበቅ፣ ለሽያጭ ማቅረብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። «መደበቅ» የሚለውን ቃል ልብ በይው። በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ከጋቢ ሥር ያለ ጥይት፣ ካወቅሽ በኋላ እንዳለ ከተውሽው፣ ሌላ ሰው ሲያየው የተደበቀ ነው የሚመስለው። እስከ ትናንት አታውቂም ነበር። አሁን አውቀሻል።

ስለ ቁርጥራጩ። ዓለም አቀፉን አነጋገር ልንገርሽ፤ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ያጸደቀው የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል አለ። «ክፍል» የሚለውን ሲተረጉም፣ ለመሣሪያው ተብሎ የተሠራና መሣሪያው እንዲሠራ የግድ የሚያስፈልግ ነገር ይላል። ከዚያ በስም ይጠራል፤ በርሜል፣ ዋናው አካል፣ ጥይት የሚገፋውና የሚዘጋው ብረት፣ ድምፅ ማፈኛ። የአንቺ እጀታ ያላት ብረት በስሟ ተጠርታለች ማለት ነው። ማንገቻ የለበትም። ዝናር የለበትም። የሰደፍ እንጨትም የለበትም።

ሰውዬው ለምን ያችን ብቻ ፈለገ? ይህን ጠይቂ። እሷ የሌላት ምንሽር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዘንግ ናት። እሷ ስትገባላት ጠመንጃ ትሆናለች። ምናልባት አንድ ቦታ አካሉ ያለው፣ ይህ ብቻ የጎደለው መሣሪያ አለ። በ8 ሺህ ብር የምትሸጪው ብረት ሳይሆን ሙሉ ጠመንጃ ነው። ማን ላይ እንደሚነጣጠር አታውቂም።

ስለዚህ መልሴ፦ ብረቷ፣ ሞላውና ጥይቱ ይረከቡ። መሸጥ የለም፣ ማስቀመጥም የለም። ቀለሁ፣ ሰደፉና ዝናሩ ሌላ ነገር ናቸው። እነሱንም ግን ዝም ብለሽ አትያዣቸው። አብረሽ አሳይና «ይመለስልን» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ከኮምቦልቻ

ጠበቃው የጻፉትን እደግፋለሁ። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

አጎቴ ሚሊሻ ነበር፤ ክላሽ በሕጋዊ መንገድ ይይዛል። አንድ ጊዜ አንድ ባዶ ካዝና እኛ ቤት ረስቶ ሄደ። ባዶ ነው፤ ጥይት የለበትም። እናቴ «ውሰድለት» አለችኝ። ከረጢት ውስጥ ከዳቦ ጋር ከተትኩት። ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ዳቦውን አወጣ፣ ከሥር ካዝናው ወጣ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልረሳውም። «ባዶ ቆርቆሮ ነው እኮ» አልኩት። እሱ ደግሞ «መሣሪያው የት አለ?» አለኝ። ልክ ነው። እኔም እሱ ቦታ ብሆን ያንን ነበር የምጠይቀው። ባዶ ካዝና ያየ ሰው ቀጥሎ ክላሹን ነው የሚፈልገው።

ሁለት ሌሊት አደርኩ። አጎቴ ፈቃዱን ይዞ መጥቶ ነው የተለቀቅኩት። እናቴ ሁለቱን ቀን እህል አልቀመሰችም። አባዬን የሚያክል ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ማየት ከእስሩ በላይ አመመኝ።

ስለዚህ አደራሽን፤ ያንን ጥቅል ይዘሽ ታክሲ እንዳትሳፈሪ። ልታስረክቢ እየሄድሽ ቢሆንም መንገድ ላይ ያገኘሽ ሰው ይህን አያውቅልሽም። ጥይቱን እሳት አጠገብም አታስቀምጪ። የድሮ ጥይት ነው፤ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ገደል መጣል ያልሽውም አይሆንም። እኛ ሰፈር እረኞች ገደል ገብተው የማያወጡት ነገር የለም።

ቨርጂኒያ ያለሁት የወረኢሉ ልጅ

ሰላም እህቴ። አባትሽን ነፍስ ይማር።

እኔ እንኳ የጻፍኩት ለሌሎች አንባቢዎች ነው። እዚህ አሜሪካ ብዙ የእኛ ልጆች «ክፍሉን መሸጥ ይቻላል» ሲሉ እሰማለሁ። ሰውዬው ምናልባት ከእነሱ ሰምቶ ይሆናል። እዚህ በፌዴራሉ ሕግ ጠመንጃ የሚባለው ዋናው አካል ነው፤ ቁጥር የሚታተምበት፣ ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት። በርሜል፣ ሰደፍ፣ ጥይት የሚገፋው ብረት በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፤ በፖስታ፣ እስከ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። አንዳንድ ስቴት የራሱ ጥብቅ ሕግ አለው እንጂ አጠቃላዩ ይህ ነው። ጎረቤቴ አሮጌ ጠመንጃውን ፈታትቶ በየክፍሉ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ ነው። እዚያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በርሜሉም፣ አካሉም፣ የሚዘጋው ብረትም ለየብቻው እንደ ሙሉ መሣሪያ ነው የሚቆጠረው። ፈቃድ ከሌለሽ መያዝ አትችይም። ማንገቻ፣ የእንጨት ሰደፍ፣ መነጽር ግን ችግር የለባቸውም። መሣሪያውን አስረክቦ ሰደፉን ለማስታወሻ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ ብሎኛል።

እና የአንዱ አገር ሕግ ለሌላው አይሠራም። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያስኬድ ነገር ደሴ ውስጥ ያሳስራል። እባካችሁ እዚህ ያለን ሰዎች ስልክ ላይ የምናወራውን ይዛችሁ ገበያ አትውጡ።

የንብረት ክፍል ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ ሕግ አላውቅም። ግን 31 ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ዕቃ መረከብና ማስረከብ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ።

ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ አልገባም፤ ዓይንሽ እያየ ቢገባም አልገባም። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ጄኔሬተር ተረክቤ «ከነሙሉ ዕቃው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኦዲት ሲመጣ አንድ ዕቃ ጎደለ ተባለ። ሙሉ ዕቃው ምን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ነኝ ከደሞዜ የከፈልኩት። ከዚያ ወዲህ «ከነሙሉ ዕቃው» የሚል ቃል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ብሎን ቢሆን እጽፈዋለሁ።

የእናንተ ደረሰኝ «አንድ ጠመንጃ ከነማንገቻው» ይላል አልሽ። ጥሩ ነው፣ ቁጥር አለው። ግን የሚገፋው ብረት አብሮት ይኑር አይኑር አይልም። ነገ አንድ ሰው መጋዘን ውስጥ መሣሪያውን ከፍቶ «ይሄ የት ሄደ?» ቢል ጣቱን ወደ እናንተ ቤት ነው የሚቀስረው። ወንድምሽን ጠይቂው፤ ሲያስረክብ ያ ብረት ከመሣሪያው ላይ ነበር?

ሌላ። የድሮ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይታተምም። አካሉ ላይ የታተመው ቁጥር፣ ወይም የመጨረሻዎቹ አኃዞች፣ በሚገፋው ብረት ላይም ይደገማሉ። ፋብሪካው አንዱን ከሌላው ጋር አስማምቶ ስለሚሠራው ነው። በጨርቅ ወልውለሽ እጀታው ሥር እይው። ቁጥር ካለ ከደረሰኙ ጋር አስተያዪው። ከተገጣጠመ የዚያው መሣሪያ አካል ነው። ካልተገጣጠመ ትርፍ ነው። ሁለቱም ይረከባል፤ አጻጻፉ ግን ይለያያል።

ማመልከቻሽን በሁለት ኮፒ ጻፊ። በአንዱ ላይ ማኅተም አስደርገሽ ለራስሽ ያዢ። እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ጻፊ፤ ጥይቱን በቁጥር፣ ቀለሁንም በቁጥር። «ልዩ ልዩ ዕቃዎች» የሚል ቃል እንዳትጽፊ።

ቅርስ ወዳድ፣ ወልድያ

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሁልጊዜ «የድሮ ከሆነ ቅርስ ነው፣ ሕግ አይነካውም» ይላሉ። ይህ ብዙ ሰው አሳስቷል።

በዚያው ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ከ1899 በኋላ የተሠራ መሣሪያ በምንም መልኩ ጥንታዊ ተብሎ አይቆጠርም። እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ውጅግራ ስሙ የመጣው «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ የ1874 ሞዴል ነው፣ በአድዋ የተሰለፉት አባቶቻችን ብዙዎቹ ይዘውት ነበር። እሱ በዕድሜው ጥንታዊ ነው ሊባል ይችላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት የገባው ቤልጅግ፣ አንበሳ የታተመበት ቢሆን እንኳ፣ አይባልም። ምንሽርሽ መቼ እንደተሠራ አላውቅም፤ ግን ጥይት ያለውና የሚተኮስ ከሆነ «ቅርስ ነው» በሚል ቃል አትተማመኚ።

ቅርስ ቢሆንም ደግሞ ነጻ አይደለም። በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ እንደ ጤፍ ገበያ አውጥቶ መሸጥ የለም። ቅርስ መሆኑ ኃላፊነት ይጨምርብሻል እንጂ አይቀንስልሽም።

የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ወሎ ውስጥ ከዚያ ወዲህ አንድ አሮጌ ዕቃ በማይታወቅ ሰው እጅ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ሰደፉ ተመልሶላችሁ አንድ ቀን እናትሽ ካልፈለጉት፣ ለገበያ ሰው ሳይሆን ለሙዚየም ስጡት። የአባትሽ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጠበቃውን በተለይ፤ አባባም (ንብረት ክፍሉን ማለቴ ነው) ዕድሜ ይስጥዎት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እንደተባልኩት ጥቅሉን ከቤት አላወጣሁትም። እዚያው ሳጥን ውስጥ መልሼ ለቀበሌ ሊቀመንበሩ በስልክ ነገርኩት። እሱም ለፖሊስ ነገረ። «እንዳታንቀሳቅሺው፣ እኛ እንመጣለን» አሉኝ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ጻፍኩ። ጥይት 7፣ ቀለህ 23፣ ሞላ 1፣ የተሰነጠቀ ሰደፍ 1፣ ዝናር 1። እና ያቺ ብረት።

ቁጥሩን እንዳሉኝ አየሁት። እናቴን ኩራዝ አስያዝኳት፣ ስልኬንም አበራሁ፤ በነጠላ ጫፍ ወለወልኩት። እጀታው ሥር ሦስት አኃዝ ወጣ፤ 4፣ 1፣ 7። ወንድሜ የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። የመሣሪያው ቁጥር የሚያልቀው በ417 ነው።

ግራ ገባኝ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ስታስረክብ የሚገፋው ብረት አልነበረበትም ወይ?» አልኩት። «እንዴት አይኖርም፣ ነበረበት እንጂ» አለ። እንግዲህ የመሣሪያው የራሱ ብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ኩላቡ ላይ የነበረው ደግሞ የሌላ ነው ማለት ነው።

እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነው የተናገረችው። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባዬ ከአንድ ዘመዳችን ጋር በድንበር ተጣልቶ ነበር። የእርሻ ድንበር ነው፤ አንድ የማሽላ ትልም። አንድ ማታ አባዬ ጠመንጃውን ከኩላቡ አውርዶ ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ተደፍታ ለመነችው። ተመለሰ። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፣ ደም ሳይፈስ አለፈ። በማግስቱ አባዬ ገበያ ሄዶ ከአንድ ሰው መርፌው የተሰበረ ብረት ገዛ። ጥይት ቢገባበትም አይመታም። ያንን ገጥሞ ሰቀለው፤ ጥሩውን ዘይት ቀብቶ ከሳጥን ከተተው። «ከእንግዲህ ተናድጄ ባወርደው እንኳ አይሰማኝም» አላት። ለሰው እንዳትናገር አስማላት። ሠርግ ላይ ሲተኮስ የነበረውስ? አልኳት። «የሌሎቹ ነበር የሚጮኸው፤ የእሱ ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም» አለችኝ።

ወደ ሰላሳ ዓመት ሙሉ በግድግዳችን ላይ የማይተኩስ ጠመንጃ ነበር የተሰቀለው። እኛ ፈርተን አጠገቡ አንሄድም ነበር።

እና ያ ሰውዬ 8 ሺህ ብር ሊሰጠኝ የነበረው አባዬ ራሱን ለማሰር የደበቃትን ብረት ነው። ይህን ሳስብ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ፖሊሶቹ ሐሙስ መጡ፤ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎልማሳ ነው፤ ጥቅሉን ሲፈታ በጥንቃቄ ነበር፣ እናቴን «እማማ» እያለ። ጥይቱን ለብቻው አሸገው። ብረቷን ከደረሰኙ ቁጥር ጋር አስተያየና «የዚያው መሣሪያ ናት» ብሎ ጻፈ። መጋዘን ያለው መርፌው የተሰበረው ብረት እንደሆነም ነገርኩት፤ እሱንም መዘገበው። ተጨማሪ የርክክብ ወረቀት ሰጠን፤ የድሮው ደረሰኝ ቁጥር ተጠቅሶበታል። አባባ፣ «ልዩ ልዩ» የሚል ቃል የለበትም። ሞላው ሳይቀር ተጽፏል።

ሰደፉን አገላብጦ አየው። ብረት የገባበት ቦታ እንደሌለ አረጋገጠ። «ይሄ እንጨት ነው» አለ። ማመልከቻዬ ላይ «ሰደፍ፣ ዝናርና ቀለህ ለቤተሰቡ ተመልሷል» ብሎ ጽፎ ፈረመበት፤ ማኅተሙን ሄጄ አስደረግኩ። ቀለሁን ግን አስራ ዘጠኙን ራሴ «ውሰዱልኝ» አልኳቸው። አራት ብቻ አስቀረሁ። ቤት ውስጥ ልጆች ስለሚመጡ ነው።

ከኮምቦልቻ ለጻፍከው ወንድሜ፦ ያንን የዳቦ ታሪክህን ባላነብ ኖሮ ጥቅሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ደሴ ልመጣ ነበር። ወላሂ ዝግጁ ነበርኩ።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ለጠየቃችሁኝ፦ አዎ፣ ሰውዬው ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ሰኞ፣ ሱቄ ድረስ። «ወሰንሽ?» አለኝ። የርክክቡን ወረቀት ኮፒ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ ለጥፌው ነበር፤ ጣቴን ወደዚያ ዘረጋሁ። አነበበው። ምንም አላለም፤ ወጣ። ለፖሊሱም መምጣቱን ነግሬዋለሁ።

የኪራዩን ነገር ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ ለሁለት ወር ተከፋፍሏል። ጠበቃው ስለዚህ በውስጥ መስመር ጠይቀውኝ ስለነበር ነው የምጽፈው።

ሰደፉን እናቴ ጠፍሩን በአዲስ ቀየረችለት። አሁን ኩላቡ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ማታ ማታ ስደውልላት ቅቤ ቀባሁት ትለኛለች።